ያልታጠነው ብርጭቆ

ኖርክሮስ ከተማ ያለው መጠጥ መሸጫ ሥራ የጀመርኩት በጾም ቀን ነው። ባለቤቱ ጋሽ በላቸው ሁለት ብርጭቆ ውስኪ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና «ነይ፣ ቴስት አድርጊ» አሉኝ።

«ጾመኛ ነኝ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አሽትቺ። ማሽተት አያስገድፍም።»

የግራውን አሸተትኩ። እናቴ ጠላ ልትጠምቅ ስትል ጋኑን በወይራ ስታጥን ትዝ አለኝና «ይኼኛው ጋኑ የታጠነ ነው» አልኩ። እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ጋኑ ሳይሆን ብቅሉ ነው የታጠነው፤ ይኼ ስኮች ነው፣ የቀኙ አይሪሽ። ስኮቶቹ ከረግረግ የቆፈሩትን አፈር ያነዱና በጭሱ ብቅሉን ያደርቁታል፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ሁለቴ ነው የሚያወጡት፣ እንደኛ ዳግም አረቄ። አይሪሾቹ አብዛኛውን ሦስቴ ያወጡታል፣ ጭስም አያበዙም። ለዚህ ነው የለሰለሰው።»

ከዚያ ወዲህ ለደንበኛ ሁሉ የማስረዳው በጋንና በዳግም ሆነ። እዚህ ያደጉት ልጆች «ላይክ፣ ሁለቱም ውስኪ አይደሉም እንዴ?» ሲሉኝ ከፍቼ አስሸትታቸዋለሁ። «አፍንጫዋ» ብለው አወጡልኝ። ስሙን ወድጄው ነበር።

ከዓመታት በኋላ ታመምኩ፤ ድኜ ስነሳ ማሽተት ጠፍቶብኛል። ከሰፈሬ ከስቶን ማውንቴን ወደ ሥራ ስነዳ ዝናቡም ቤንዚኑም ሽታ የላቸውም። መደርደሪያው ላይ ፀሐይ ያረፈባቸው ጠርሙሶች እንደ ማር ያበራሉ፣ እኔ ግን ከመስታወት ወዲያ ሆኜ የማያቸው ይመስለኛል። ፈራሁ። አፍንጫዬ ካልተመለሰ እዚያ ቤት ምን እንደምሠራ አላውቅም ነበር።

ጋሽ በላቸው ሱቁን ከመክፈታችን በፊት በየጠዋቱ ሁለት ብርጭቆ ይቀዱልኛል።

«የታጠነው የቱ ነው?»

«እንጃ።»

«ነገ እንግዲህ።»

አንድ ጠዋት ብርጭቆው ላይ እንዳጎነበስኩ ጭስ መጣልኝ። ወይራው፣ ጋኑ፣ የእናቴ ነጠላ ጫፍ። እንባዬ ቀደመኝ። «ይኼ ነው! የታጠነው ይኼ ነው!»

ጋሼ ጠርሙሶቹን ወደኔ አዞሩ። «ልጄ፣ ስኮቹ ትናንት አልቋል። ዛሬ ሁለቱም አይሪሽ ናቸው።»

መጋዘን ገብቼ አለቀስኩ።

ሳምንታት አለፉ። ተስፋ ቆርጬ ባንኮኒውን ሳስተካክል አንድ እርጥብ ጨርቅ አነሳሁ። ቀጭን ነገር አፍንጫዬን ነካ አደረገኝ፤ እርጥብ ገብስ፣ ትንሽ ማር። ጭስ የለበትም። ደግሜ አሸተትኩ።

«ጋሼ፣ አይሪሽ ፈሶብዎት ነበር እንዴ?»

«ፈሶብኝ ነበር» አሉና ዞር ብለው መነጽራቸውን ጠረጉ።

አሁን አዲስ ሠራተኛ የማሠለጥነው እኔ ነኝ። የምነግራቸውም ይህንኑ ነው፦ አፍንጫ የናፈቀውን ይፈጥራል። ያልጠበቃችሁት ሽታ ሲመጣ እሱን እመኑ።