በመስኮት የገባው መኪና

ሰፈሩ «መርፌ ሰባሪዋ» ይላታል። ሥራዋ የተማሪ ቦርሳ መስፋት ነው። ያለቻት የስፌት መኪና ግን ለቀሚስ የተሠራች ስለሆነች ወፍራም ሸራ ሲገጥማት መርፌዋ ቀጭ ይላል፤ በቀን ሦስት አራቴ።

አንድ ቀን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር መጥቶ ሁለት መቶ ቦርሳ በሁለት ወር እንድታደርስ አዘዛት። ውሉን ፈርማ በፈገግታ ሸኘችው፤ በሩ ሲዘጋ ዞራ መኪናዋን አየች። በዚያች መኪና ሁለት መቶ ቦርሳ ማለት ባሕርን በጭልፋ መጨለፍ ነው።

ጠንካራ መኪና መግዣ ብድር ፍለጋ ባንክ ሄደች። «የቤት ካርታ አለዎት?» አሏት። ቤቱ የኪራይ ነው። የሰፈሩ አራጣ አበዳሪ ደግሞ ገንዘቡን ዛሬውኑ እንካችሁ ባይ ነበር፤ ባሏ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ከሱ ከተበደርሽ ቦርሳውን የምትሰፊው ለሱ ነው» አላት።

ወሬውን ያመጣችው ታላቅ እህቷ ናት። «አንድ አበዳሪ ድርጅት ለመኪና መግዣ፣ የሚገዛውን መኪና ራሱን መያዣ አድርጎ ያበድራል አሉ። ወለዱም ሰው የሚችለው ነው።»

«እታለም፣ እኔን ማን ያምነኛል?»

«ሄደሽ ጠይቂያ!»

ጠየቀች። በሳምንቱ የብድር ሠራተኛዋ፣ አንዲት ቀጠን ያለች ወጣት፣ ቤቷ ድረስ መጣች። ውሉን አነበበች፤ ጎረቤት ጠየቀች። ከዚያ አንድ ቦርሳ አነሳችና ከደጅ ስድስት ጡብ ለቅማ ጨመረችበት። በማንገቻው አንጠልጥላ ወዘወዘችው። ስፌቱ ንቅንቅ አላለም።

«በዚች መኪና ነው የሰፉት?»

«በሷው ነው። አምስት መርፌ በልታበታለች።»

ወጣቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። በአሥራ አንደኛው ቀን ስልክ ተደወለ፤ ብድሩ ተፈቅዷል።

መኪናው የመጣ ዕለት መርፌ ሰባሪዋ መቆሚያ መቀመጫ አጣች። ከባድ የፋብሪካ መኪና ነው፤ ጠረጴዛው በበሩ አልገባ አለ። ጎረቤት ብረት ሠሪ መጥቶ የመስኮቱን ፍሬም ነቀለው። ስድስት ሰው ተሸክሞ በመስኮቱ አስገባው፤ ባሏ እጁን ሳያስነካ «ቀስ! ቀስ!» እያለ ላቡ ተንቆረቆረ።

ሸራውን አራት እጥፍ አድርጋ ከመርፌው ሥር አስገባች። ፔዳሉን ገና ነካ ስታደርገው መኪናው ድርርርር ብሎ ዳር ደረሰ። ገልብጣ አየችው፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። እንደገና ሰፋች፤ እንደገና። የሚሰፋ ሲያልቅባት ባሏን ቀበቶውን ጠየቀችው።

«ሱሪዬ ይወድቃል እኮ» አላት፤ ግን ፈቶ ሰጣት።

ሁለት መቶው ቦርሳ በአራት ሳምንት አለቀ። ሌሎች ትምህርት ቤቶችም አዘዙ፤ ሁለት ሴቶች ቀጠረች፤ ብድሩንም ከቀኑ ቀድማ ከፍላ ጨረሰች።

ትምህርት የተከፈተ ጠዋት መንገድ ዳር ቆማ ነበር። ልጆቹ ቦርሳዋን ጀርባቸው ላይ እያወዛወዙ ሮጠው ሲያልፉ መቁጠር ጀመረች። ሠላሳ ሦስት ላይ ተምታታባት፤ ቢሆንም ደወሉ እስኪደወል ከዚያ ንቅንቅ አላለችም።