ታናሿ ሚስት፣ ሰባት ቁጥር

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ የሠራነው ተራ ነገር ውዱእ ነው። ለዙህር፣ ለቀትር ሶላት፣ የምንታጠበው ነበር። ትኩሳቱ ከያዘው ሁለት ቀን ሆኖት እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ማንቆርቆሪያውን እኔ ያዝኩለት። እንደ ሁልጊዜው ከስንዴው ማሳ ጫፍ፣ ሁለቱ ድንጋዮች ላይ ቁጢጥ ብሎ ታጠበ። እግሩ ላይ ስንደርስ ውኃው በዛ ብዬ ማንቆርቆሪያውን ቀና አደረግኩት።

"ለሚሞት ሰው ትሰስቻለሽ?" አለኝ።

"ሞተህ ካላየሁ አላምንህም" አልኩት።

ሳቀ። ከሦስት ቀን በኋላ አመንኩት።

ባለቤቴ የስንዴ ሙከራ ዘበኛ ነበር። ቆቦ የማሽላ አገር ነው፤ ስንዴን የደጋ ሰው ይብላው ብለን ትተነዋል። አንድ የእርሻ ባለሙያ ግን ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ድርቅ የሚችል ስንዴ እፈልጋለሁ ብሎ ከቤታችን አጥር ሥር አሥራ ሁለት መደብ አስለካ። አንዱ መደብ አልጋ ያህላል። በየመደቡ የተለያየ ዘር ዘራና፣ ስም ማውጣቱ ስለሰለቸው መሰለኝ፣ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ተከለ። ትእዛዙ አንድ ነበር፦ ከሰማይ ከሚወርደው በቀር ጠብታ ውኃ እንዳይሰጠው። ባለቤቴ ማንበብና መጻፍ ስለማይችል ደብተሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ። "ውኃ" በሚለው ዓምድ ሥር በየቀኑ "አልተሰጠም" እያልኩ እጽፋለሁ። እስከ አራተኛ ክፍል የተማርኩት ለዚች ቃል ኖሯል።

ሰማዩም ትእዛዙን ከኛ በላይ አከበረ። ሐምሌ ሁለት ቀን አካፋ፤ ነሐሴ ደመናውን አሳይቶን ይዞት ሄደ። የገበሬው ማሽላ ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ። ሰው ከየመንደሩ እየወጣ አውራ ጎዳናው ዳር ይቀመጥ ጀመር። ዘበኝነቱ ባይኖር እኛም እዚያው ነበርን። የጉድጓዳችን ውኃ አልነጠፈም ነበር፤ የጠፋው እህል ነው። ባለቤቴ መንገድ ዳር ለተቀመጡት ውኃ ሲያመላልስ ከረመና ተስቦውን ከዚያ ይዞ መጣ።

የሙከራው ስንዴም ተራ በተራ ነጣ። ሰባት ቁጥር ብቻ አረንጓዴ ሆና ቆመች። ባለቤቴ "ታናሽ ሚስቴ" ይላት ነበር። ጠዋት ሲወጣ ከኔ ቀድሞ ለሷ ሰላምታ ይሰጣል። ስቆጣ፣ እሷ ስኳር አምጣ ብላኝ አታውቅም ይለኛል።

እሱ በተቀበረ በሳምንቱ ባለሙያው መጣ። ባሏ የሞተባት ሴት የምትቀመጠው ኢዳ ላይ ስለነበርኩ ከግቢ አልወጣም፤ ማሳው ግን አጥሩ ሥር ነውና ወጣሁ። ጎረቤታችንም እኔን ሊያጽናና መጥቶ እዚያው ነበር። በሬዎቹን ሸጦ ጨርሶ፣ ለዘር ከቋጠራት ማሽላ በቀር ቤቱ ምንም አልቀረውም። ባለሙያው እግዜር ያጽናሽ አለኝና፣ ዘበኝነቱን አንቺ ቀጥይበት ብሎ ወደ መደቦቹ ሄደ። ሰባት ቁጥር ፊት ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ። ለባለቤቴ አላወለቀውም ነበር።

ዛላዋን በመዳፉ እያሸ፣ ይህን ዘር በጋውን በመስኖ አባዝተን ለመጪው ክረምት ለገበሬው እናድላለን አለ። ለጎረቤታችን የመጀመሪያውን እንደሚሰጠው ቃል ገባለት።

"እንግዲያማ ያቺን ማሽላ ዛሬውኑ አስፈጫታለሁ፤ ልጆቼ ይብሉ" አለ ጎረቤታችን።

ያን ጊዜ ነው ዓይኔ መሬት ላይ የወደቀው። ሁለቱ ድንጋዮች እዚያው ናቸው። ከሥራቸው አንዲት ጣት የምታህል ቦይ ወጥታ፣ ቀጥ ብላ ሰባት ቁጥር ሥር ትገባለች። የሁለታችን ውዱእ፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ ከተዘራ ጀምሮ። ውኃ መስጠት ነው ብለን አስበን አናውቅም። ለካ ታናሽ ሚስቱን በገዛ ማንቆርቆሪያዬ ሳጠጣ ከርሜያለሁ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ከተናገርኩ ባለቤቴ አፈሩ ሳይደርቅ አጭበርባሪ ዘበኛ ሊባል ነው፤ አሁን ያገኘሁትም ሥራ ይቀርብኛል። "አልተሰጠም" የሚለውም የኔው እጅ ጽሑፍ ነው። የከበደኝ ግን ይኼ አልነበረም። ከሱ እጅና እግር በወረደ ውኃ የበቀለ አንድ ነገር ቆሞ ነበር፤ እሱን ላሰርዝ ነው። የጎረቤቴ ልጆች ግን ይህን ስንዴ አምነው ዘራቸውን ሊበሉ ነው።

"ጌታዬ፣ ይቺን ስንዴ ያቆማት ውዱእ ነው" አልኩት።

ባለሙያው ክርስቲያን ነው፤ ውዱእን ጸሎት አድርጎ ወሰደው። ሃይማኖቴን ያከበረ መስሎት አንገቱን ሰበር አደረገ። "ልክ ነሽ እትዬ፣ እሱ ካልፈቀደ ምን ይሆናል" አለና መጻፉን ቀጠለ። ጎረቤታችን ግን ሙስሊም ነው። ድንጋዮቹን አየ፣ ቦይዋን በዓይኑ ተከተለ፣ ፊቱ ጠቆረ።

ገብቼ ማንቆርቆሪያውን ሞልቼ መጣሁና ድንጋዮቹ መካከል አፈሰስኩት። ውኃው የለመደውን መንገድ ይዞ ሄዶ ሰባት ቁጥር ሥር ሰረገ።

"በቀን ስንት ጊዜ?" አለ ባለሙያው።

"አምስት። ለሁለት ሰው።"

"ታዲያ ደብተሩ ላይ ለምን አልጻፋችሁትም?"

"ለሶላት የሚሆን ዓምድ አላሰመርክልንም።"

ፈገግ ያለ መሰለኝ፤ ፀሐዩም ሊሆን ይችላል። ሰባት ቁጥርን በሁለት መስመር ሰረዛት። ባለቤቴን በክፉ አላነሳውም። ሙከራው ግን እዚያ አበቃ፤ ዘበኝነቱም አብሮ።

ጎረቤታችን ሲወጣ አጥሩ ጋ ቆም ብሎ፣ "እህቴ፣ ባልሽ ደግ ሰው ነበር። በውዱኡ ሊጨርሰን ነበር እንጂ" አለኝ። ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያኔ ነው።

የተሰረዘ ስንዴ ለቢሮ ስለማይጠቅም ሰባት ቁጥርን አጭደን ቆላናት። ቆሎዋ ለጎረቤቴ ልጆች ሄደች፤ ማሽላው ዘር ሆኖ ቀረ። አንድ ሁለት ፍሬ እኔም ቆረጠምኩ። ይህን ያህል የምታስቀና አልነበረችም።

አሁን እዚያ ቦታ ላይ ማሽላ እዘራለሁ። ውዱእ የማደርገው ከቤቱ ጀርባ፣ ምንም የማይበቅልበት ጭንጫ ላይ ነው።