ልስን አይፈልግም፣ ዱዋ ነው

በደርግ ጊዜ ከሮቤ ጎባ የሚወስደው መንገድ ጠጠርና አቧራ ነበር። ወንዙ መሻገሪያ ላይ ብቻ ጎርፍ እንዳይበላው ኮንክሪት ተነጥፎበታል። የጥገናው ካቦ እኔ ነበርኩ። ያቺን ቁራጭ ኮንክሪት ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ኮንክሪቱ መሐል ለመሐል ተሰነጠቀ። ስንጥቅ ብቻውን አያስደነግጠኝም። ያስደነገጠኝ አውቶቡስ ባለፈበት ቁጥር ስንጥቁ የጭቃ ውሃ መትፋቱ ነው። ኮንክሪት ከራሱ ጭቃ አያወጣም፤ የሚተፋው ከሥሩ ያለውን አፈር ነው። የዳሩ ቦይ በደለል ተደፍኖ ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ውስጥ ገብቶ መደቡን እያጠበ ያወጣው ነበር። የት ድረስ እንደተበላ ለማወቅ በመዶሻ እየመታን ሄድን። ጤነኛው ቦታ ሲመታ ድምፁ ቀጭን ነው፤ የተበላው ግን እንደ ባዶ በርሜል ያስተጋባል።

መዶሻውን የያዙት ከጊኒር በኩል የመጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ አባባ እንላቸዋለን። ሥራ ላይ ሲሆኑ ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። እኛም እዚያው ተወልደን ያደግን ስለሆንን በየትኛው ቋንቋ እንደተናገሩ ልብ አንልም። ድምፁ ሲወፍር «ዱዋ» ይላሉ፣ ባዶ ነው ማለታቸው ነው፤ እኔም በኖራ አከብበታለሁ። ቃሏ የሁላችንም የሥራ ቃል ሆና ነበር።

በዚህ መሐል ካድሬው መጣ። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ገና ወጣት ነው። ለአብዮት በዓል ወደ ጎባ ትልቅ እንግዳ ስለሚያልፍ ስንጥቁ በሲሚንቶ ተለስኖ እንዲያምር አዘዘ። እኔ ደግሞ የተከበበው ሁሉ መሰበር እንዳለበት ነገርኩት። ቦዩን መክፈት፣ ከሥር ድንጋይና ጠጠር መጠቅጠቅ፣ አዲስ ኮንክሪት ማፍሰስ፣ እስኪጠነክርም በእርጥብ ጆንያ መሸፈን ያስፈልጋል፤ እስከዚያ መኪና በጭቃው ዳር ይሻገር አልኩት።

«እንግዳችን በጭቃ ይሻገር ነው የምትለኝ?» አለና በዕድሜ አባቱ ወደሚሆኑት ወደ አባባ ዞረ። «አንተስ ጓድ፣ ምን ትላለህ?»

አባባ ስንጥቁን በመዶሻው ጫፍ ነካ አደረጉት። «ልስን አይፈልግም» አሉ። «ዱዋ ነው።»

የካድሬው ፊት ተለዋወጠ። «ዱዓ? የአብዮቱ መንገድ በጸሎት ነው የሚጠገነው?»

የቀለደ መስሎኝ ልስቅ ነበር። አልቀለደም። በኦሮምኛ ባዶ ማለታቸው እንደሆነ አስረዳሁት።

«አስተርጓሚ ሁንልኝ አላልኩህም» አለ። ሃይማኖትን ከሥራ ጋር ቀላቅለዋል ብሎ በአጃቢ ታጣቂዎቹ አስወሰዳቸው። አባባ ከመሄዳቸው በፊት መዶሻውን ሰጡኝና «እንዳይጠፋ» አሉኝ።

ለሰንነው። አማረ። «ውስጡን ለቄስ» የሚለው አባባል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ብናገረው እሳቸው በዱዓ፣ እኔ በቄስ ተከሰን አንድ ላይ እንታሰር ነበር። እንግዳው አለፈ። መኪናው ፍጥነቱን እንኳ አልቀነሰም። አባባ ግን ቀበሌ እንደታሰሩ ቀሩ። ባለቤታቸው ምግብ ይዘው ይመላለሳሉ፤ እኔም ሄጄ በለመንኩ ቁጥር መልሱ «ጉዳዩ ይታያል» ነበር። የሚታየው ጉዳይ ምንድን ነው? አንዲት ቃል ናት፤ ትርጉሟን ከሮቤ ገበያ የመጀመሪያውን ሰው ቢጠይቁ ይነግራቸዋል።

በአንድ የገበያ ቀን ስንዴ የጫነ ካሚዮን ሲያልፍ ልስኑ ከነኮንክሪቱ ተደረመሰና የኋላ ጎማው ሰመጠ። ደግነቱ ሰው አልሞተም። ገበያተኛው ተሰብስቦ ጉድጓዱን እያጎነበሰ ያያል። ሴቱም ወንዱም «ዱዋ፣ ዱዋ» ይላል። ካድሬው እዚያው ቆሟል። ዞር ብሎ አየኝ። እነዚህንም እሰራቸዋ፣ አልኩ በልቤ። ዓይኔን ግን ከዓይኑ ላይ አላነሳሁም።

በማግስቱ አባባ ተፈቱ። ይቅርታ የጠየቃቸው የለም። «ሁለተኛ ሥራ ቦታ ላይ ጥርት ባለ አማርኛ ተናገር» የሚል ማስጠንቀቂያ ብቻ ተሰጣቸው። ካድሬው አሁን ሰብራችሁ ሥሩ ብሎ ስለነበር ከቀበሌ በቀጥታ ወደ ወንዙ መጡ። ከስተዋል። መዶሻቸውን አቀበልኳቸው፤ ተቀብለው ያልተደረመሰውን ወገን መምታት ጀመሩ። ቀጭን፣ ቀጭን፣ ከዚያ ድምፁ ወፈረ። እኔ ኖራዬን ይዤ ጎንበስ ብያለሁ፤ ሠራተኛውም እጁን አቁሞ ቃሏን ይጠብቃል።

አባባ ቀና ብለው መጀመሪያ መንገዱን ግራና ቀኝ አዩ።

«ባዶ» አሉ፤ ፊደል እንደሚቆጥር ተማሪ ጥርት አድርገው።

አከበብኩት። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አብረን ሠራን፤ ያቺን ቃል ግን ከአፋቸው ደግሜ አልሰማኋትም።