ከፋይ አይመርጥም

ልጅ ሳለሁ፣ ሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ በነበረው ግቢያችን፣ ሲመሽ ትንኝ ለማባረር እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ፍም ላይ ይጣል ነበር፤ ያኔ ጢሱ ዓይኔን እያስለቀሰኝ የጎረቤታችንን የአባባ ሌዳሞን ተረት አዳምጥ ነበር። አባባ ሌዳሞ የሚያወሩት በፋኖስ ብርሃን የአባቴን መረብ እየጠገኑ ነው፤ ክሩን በጥርሳቸው ለመበጠስ ሲያጎነብሱ ተረቱም እዚያው ላይ ይቆማል።

አንዱን ተረት ደጋግሜ አስነግራቸው ነበር። ጦጣ ዛፍ ላይ ሆና ዓሣው የት እንዳለ ትጠቁማለች፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ የሐይቅ ወፍ ገብቶ ያጠምዳል፤ ጦጣ ትከፍልና ትልቁን ትወስዳለች። በሦስተኛው ቀን አባ ኮዳ ሳይመጣ ይቀራል፤ ጦጣም ዓሣውን ከላይ እያየች ጦሟን ታድራለች። በመጨረሻ ኤሊ ታስታርቃቸዋለች፦ አንዱ ይክፈል፣ ሌላው ቀድሞ ይምረጥ። ከዚያ ወዲህ ጦጣ ስትከፍል እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር ይሉና አባባ ሌዳሞ ይስቃሉ።

ለእኔ ተረት ብቻ አልነበረም። አባቴ መረብ ነበረው፣ አብረውት ያሰግሩ የነበሩት ጋሽ መንገሻ ደግሞ ጀልባ። አባባ ሌዳሞን መሃል አስቀምጠው የተዋዋሉት ይህንኑ ነው፦ ጋሽ መንገሻ ዓሣውን ሁለት ቦታ ይቆልላሉ፣ አባቴ ቀድሞ ያነሣል። ቁልሎቹ እኩል ስለነበሩ አባቴ አንዳንዴ ሳያይ ያነሣ ነበር።

ከዚያ ጋሽ መንገሻ የአስጋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሆኑ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱን ቁልል የሌላውን እጥፍ አደረጉና ትልቁን ራሳቸው አነሡ። ከኋላቸው ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ቆሟል።

«መንገሻ፣ ውላችን እንዲህ አልነበረም» አለ አባቴ።

«ያ የድሮ ነው። አሁን የሚደለድለው ማኅበሩ ነው።»

አባቴ እዚያው ወደ ነበሩት ወደ አባባ ሌዳሞ ዞረ። «አባባ፣ መሃላችን የተቀመጡት እርስዎ ነበሩ። ይናገሩ እንጂ።»

አሸዋው ላይ አባ ኮዳዎች የዓሣ ሆድ ዕቃ ይጠብቁ ነበር። አባባ ሌዳሞ መጀመሪያ ጠመንጃውን፣ ከዚያ እግራቸውን አዩ።

«እኔ የማውቀው ተረት ነው» አሉ።

አባቴ ትንሹን ቁልል ሳያነሣ ሄደ። መረቡም እዚያው ማኅበሩ ዘንድ ቀረ።

ሲመሽ አባባ ሌዳሞ እንደ ልማዳቸው መጡ። የሚጠግኑት ስላልነበረ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ያንኑ ተረት ሲጀምሩ አቋረጥኋቸው።

«አባባ፣ ከፋዩ ራሱ ቢመርጥስ?»

ፍሙን ቆሰቆሱ፣ ጢሱ በዛብኝ ብለው ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ተረት አልነገሩኝም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ውል ብዙ አነበብሁ፤ ከኤሊዋ ፍርድ የሚበልጥ አላገኘሁም። ያኔ የአባባ ሌዳሞ ልጅ ዕድሜው ለውትድርና ደርሶ እንደነበር፣ የምልመላው ዝርዝርም በጋሽ መንገሻ እጅ እንደነበር የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ምክንያታቸው ይገባኛል፤ ቁጭቱ ግን አልለቀቀኝም። ጋሽ መንገሻ ዓሣ ነው የወሰዱብን፤ ተረቱን የወሰዱብኝ ግን አባባ ሌዳሞ ናቸው።

ዛሬ ልጆቼ ዳቦ ሲካፈሉ አንዱ ይቆርሳል፣ ሌላው ይመርጣል። የሚቆርሰው ልጅ እጅ ሲንቀጠቀጥ ሳይ እንደ አባባ ሌዳሞ ለመሳቅ እሞክራለሁ፤ አይሆንልኝም።