ለጅራታም ኮከብ የዋለው ፊልም

በጣሊያን ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ደብረ ብርሃን ፎቶ ማንሳት ተምሮ ነበር። ፊልም ከገበያ ሲጠፋ ካሜራውን ታቅፎ አንኮበር እናታችን ቤት ገባ። የቀረው ፊልም ለአንድ ፎቶ ብቻ የሚበቃ ነበር፤ እሱንም እናቴ ለታናሹ ወንድማችን አስቀምጥልኝ ብላ ይዛበታለች። ታናሹ ከአርበኞች ጋር ጣርማ በር ጫካ ከገባ ወዲህ መልኩ እየጠፋብኝ ነው እያለች ታለቅስ ነበር።

አንድ ማታ ድንገት መጣ። በማግስቱ ጓሮ ተደብቆ ሲውል ታላቄ ካሜራውን አዘጋጀ። ያን ሰሞን ግን ከአሊዩ አምባ ቆላ በላይ፣ ጎህ ሳይቀድ ጅራታም ኮከብ ይታይ ነበር። እናቴ መጥታ የካሜራውን መስታወት በነጠላዋ ሸፈነችው።

«ጅራታሙ ሰማይ ላይ እያለ ልጅ አይዳርም፣ ቤት አይሠራም። የልጄም መልክ አይነሣም። ኮከቡ ይለፍና ልጄ ተመልሶ ሲመጣ ታነሣዋለህ።»

ስንት ወር የለመነችው ራሷ ናት! እኔ በገንኩ፤ ታላቄ ተሟገተ። ታናሹ ግን ሳቅ ብሎ የእናቱን ቃል አከበረላት።

ሊሄድ ሲል፣ ገና ሳይነጋ፣ ታላቄ በንዴት እንግዲያው ኮከቡን አነሣዋለሁ ብሎ ወጣ። የካሜራው ማስቆሚያ ተሰብሮ ስለነበር ታናሹ ካሜራውን የድንጋይ አጥሩ ላይ አስደግፎ በሁለት እጁ ያዘለት። እንዳይነቃነቅበት ትንፋሹን ውጦ ቆመ። ከዚያ የእናቴን ጉልበት ስሞ ሄደ።

ኮከቡ አለፈ። እሱ አልመጣም፤ መርዶው መጣ። ለቅሶው ላይ ሌሎች የሟቻቸውን ፎቶ ይዘው እንደሚያለቅሱት ልናደርግ አልቻልንም። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ እናቴንማ ምን እላለሁ፣ እሷ ልጇን ከክፉ የጠበቀች መስሏት ነው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ታላቄ ፊልሙን አሳጥቦ አመጣው። ጥቁር ወረቀት ላይ በጣት የተጠረገ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ይታያል፣ ሌላ ምንም የለም። እናቴ ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ አየችው።

«እሱ የት ጋ ነበር?» አለች።

ታላቄ ፎቶው ውስጥ እንደሌለ፣ ካሜራውን ከኋላ ይዞ ቆሞ እንደነበር ነገራት። እሷ ግን ያንኑ ደግማ ጠየቀችው።

«እዚህ ጋ፤ አንቺ ፎቶውን በምታዪበት በኩል፣ ከኋላሽ» አላት።

እናቴ ፎቶውን እንደያዘች ዞራ ወደ ኋላዋ አየች።