ናም አምባዛዋን ወደ ገዳሙ ኩሬ ያሻገረችበት ቀን

ናምን ያወቅኋት ቤቷ ከቤቴ ጋር በገመድ ታስሮ በነበረበት ዘመን ነው። ያኔ ቻው ዶክ በምትባለው የወንዝ ዳር ከተማችን ብዙዎቻችን የምንኖረው በወንዙ ላይ በሚንሳፈፍ ቤት ነበር። ከወለሉ ሥር በሽቦና በእንጨት የታጠረ የዓሣ ማርቢያ አለ፤ ወለሉ መሃል ደግሞ የሚነሳ ሳንቃ። ሳንቃውን አንስተን ከሩዝ ጋር የተቀቀለ ፉርሽካ ስንወረውር ውሃው ይፈላል። እንቅልፍ የሚወስደንም ዓሦቹ ከሥራችን ጅራታቸውን ሲያማቱ እየሰማን ነበር።

ናም ቀጭን ሴት ነበረች፤ ገበያ ላይ በጨው የተብላላ ዓሣ ትሸጣለች። ሽታው ከእጇ አይለቅም፤ ሰው አፍንጫውን ሲይዝ ካየች «አይዞህ፣ አይነክስም» ትላለች። ባሏ በሳንባ በሽታ ሞቶ አንዲት ልጅ ቀረቻት፣ ንያን። በስሟ የሚጠራት ግን አልነበረም፤ «ሁለተኛ» ነበር የምንላት። እኛ ዘንድ በኩር ልጅ ሁለተኛ ነው የሚባለው፤ ክፉ ነገር የመጀመሪያውን ልጅ ፍለጋ ቢመጣ አጥቶ እንዲመለስ። ወንዙ ግን አልተታለለም። ውሃው በሞላበት ወቅት ልብስ ስታለቀልቅ አዳልጧት ገባች፤ አስከሬኗም አልተገኘም።

በዚያው ዓመት የናም ዓሦች ተሸጠው ማርቢያው ሲጸዳ አንዲት አምባዛ መረብ አልገባ ብላ ቀረች። ሲያሳድዷት ቤቱን ከሚያንሳፍፈው ግንድ ሥር ትሸጎጣለች። አንድ ማለዳ ናም ሳንቃው አፍ ላይ ተደፍታ፣ እንዲያው አፏ ላይ መጥቶላት፣ «ንያን» አለች። አምባዛዋ ብቅ አለች። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፣ አይቻለሁ። ጢሟ ውሃው ላይ ተዘርግቶ፣ ዓይኗ ወደ ናም።

ከዚያ ወዲያ ያቺን አምባዛ እንግዛ ያለ ሰው አልነበረም። እያደገች እያደገች የሰው ቁመት አከለች። አንዳንዴ ጀርባዋን በወለሉ ስታክክ ቤቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ናም በእግሯ ሳንቃውን መታ መታ ታደርግና «በቃ አንቺ፣ ተኚ» ትላለች። ቤቱ ጸጥ ይላል። እኔ ከጎን ቤት ሆኜ ጸጥታውን ነበር የምፈራው።

ኋላ ተንሳፋፊ ቤቶች ሁሉ ወደ የብስ ይውጡ ተባለ። ናም ከገበያው ጀርባ አንድ ክፍል ቤት ደረሳት። አምባዛዋስ የት ትግባ? ወንዝ ቢለቋት የሰው እጅ የለመደች ናት፤ የጠራት ሁሉ ጋ ሄዳ በማግስቱ ገበያ ላይ ተቆራርጣ ትገኛለች። ናም ይህን እያሰበች እህል አልወርድ አላት። ደግነቱ በቦዩ መጨረሻ ያለው ገዳም ኩሬ ነበረው፤ መነኩሴው «አምጫት፣ እዚህ የሚነካት የለም» አሏት።

ኮይ የተባለውን ሰው አስጠራን። ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ከነሕይወቱ ሲያመላልስ የኖረ ጀልበኛ ነው።

«እትዬ ናም፣ የኔ ጀልባ ዓሣ የሚጫንበት ሆዱ የተበሳሳ ነው» አላት። «የወንዙ ውሃ ይገባል፣ ይወጣል፤ ቤቷ እንዳለች ሆና ትደርሳለች።»

«በዚያ ጀልባ የተጫነ ዓሣ የሚሄደው ወዴት ነው?»

«ወደ ማረጃው ነዋ።»

«እንግዲያው አትሳፈርበትም።»

«ጀልባው ምን አደረገ እትዬ? አራጁ እሱ አይደለም።»

«ሽታውን ታውቀዋለች።»

ኮይ እኔን አየኝ፤ እኔ ወደ ውሃው አየሁ። በመጨረሻ በኔ ጀልባ ውስጥ ሸራ ዘርግቶ ውሃ ሊሞላበት ተስማማ።

«በመረብ አናወጣትም» አለ። «የክንፏ እሾህ ይጠላለፍና ይሰበራል። እርጥብ ሸራ ከሥሯ አስገብተን እንደ ሕፃን እናቅፋታለን፤ ዓይኗን እንሸፍናለን፣ ጨለማ ሲሆን ትረጋለች። አንድ ነገር ግን እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ምንም እንዳትበላ። ጠግባ ከተነሳች መንገድ ላይ ታስመልሳለች፤ ውሃው ይበላሽና ትታፈናለች። ሰማሽኝ?»

«ሰማሁ» አለች ናም።

ሰምታለች፣ አልዋሸችም። ወሩ ግን በጨረቃ አቆጣጠራችን ሰባተኛው ወር ነበር፤ ሙታን ተርበው የሚንከራተቱበት፣ ለማናውቃቸው ነፍሳት እንኳ በር ላይ ሩዝና ጨው የምንበትንበት። በዚያ ወር ሰው ጦሙን ከቤት አይሸኝም። ናም ደግሞ የምትሸኘው ማን እንደሆነች ታውቃለች።

የመሄጃው ቀን አምባዛዋ አላስቸገረችም። ሸራው ውስጥ ገባች፣ ተሸፈነች፣ ተነሳን። ናም እጇን ከሽፋኑ ሥር አስገብታ ተቀምጣለች። ቦዩን አጋምሰን ሳለ አምባዛዋ አንዴ ተንፈራገጠች፤ ሽፋኑን ስናነሳ ውሃው ነጭ ሆኗል። ሩዝና ሙዝ።

«እትዬ ናም፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለ ኮይ።

«ሩዝ ነው።»

«ሩዝ መሆኑንማ አየሁት።»

«ባዶ ሆዷን ከቤቴ ላስወጣት ነበር?»

አምባዛዋ በጎኗ ተጋደመች። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ኮይ ሞተሩን አጠፋ።

«አሁን ያለው መንገድ አንድ ነው። ከነሸራዋ ቦዩ ውስጥ እናወርዳትና በጎን ይዘናት እንሄዳለን፤ ንጹሕ ውሃ በመተንፈሻ ስንጥቦቿ ይለፍ። አምልጣ ከሄደች ግን ሄደች፤ እኔ አልመልሳትም።»

ቦዩ የወንዙ ውሃ ነው። ናም ከልጇ ሞት ወዲህ ከጉልበቷ በላይ ውሃ ገብታ አታውቅም። አየችው፣ ያንን ቡናማ ውሃ። ከዚያ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ቋጠረችና በአንድ እጇ የጀልባውን ጠርዝ ይዛ ወረደች፤ ደረቷ ድረስ ገባች።

«ስጡኝ» አለች።

እንደዚያ ሄድን፣ እኔ በመቅዘፊያ፣ ኮይ የሸራውን ጫፍ ይዞ፣ ናም አምባዛዋን በክንዷ አቅፋ በውሃው ውስጥ እየተጎተተች። በአምባዛዋ ጆሮ ሥር የምታንሾካሹከው ይሰማኝ ነበር። «ንያን» አላለችም። «ሁለተኛ፣ ሁለተኛዬ» ነበር የምትለው፤ ውሃው እንዳይሰማ። አምባዛዋ ቀስ በቀስ ቀና አለች። ጅራቷ አንዴ ሸራውን ሲመታ ናም ከነፊቷ ሰጠመች፤ ስትወጣ ክንዷ እንደታቀፈ ነበር።

ገዳሙ ስንደርስ ከነሸራዋ ተሸክመን ኩሬው ዳር አደረስናት፤ ኮይ የኩሬውን ውሃ በጣሳ ጥቂት ጥቂት ሸራው ውስጥ እያፈሰሰ አለማመዳት። ከዚያ ሸራውን ዝቅ አደረግን። እንደ ድንጋይ ወረደች፤ አልታየችም።

ናም በየቀኑ ሩዝ ይዛ ትሄድ ጀመር። «ንያን» ብላ ትጣራለች። ትናንሾቹ ዓሦች ይመጣሉ፣ እሷ ግን የለችም። ኮይ «ሞታ ቢሆን ትንሳፈፍ ነበር» ይላል። ወራት አለፉ። ናም ከሳች፣ ገበያም መቀመጥ ተወች።

አንድ ከሰዓት አብሬያት ሄጄ ነበር። እሷ ተነስታ ወደ ገዳሙ በር ስትሄድ እኔ የተቀመጥኩበትን ምንጣፍ ልጠቀልል ወደኋላ ቀረሁ። ውሃው ተከፈለ። ናም ተቀምጣበት ከነበረው ድንጋይ ሥር ያ ሰፊ ራስ ወጣና የተንሳፈፈውን ሩዝ ይለቅም ጀመር።

«ናም፣ ወጥታለች፣ ነይ» አልኳት።

አልዞረችም። «አውቃለሁ» አለች። «ተያት፣ ትብላ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ስታኮርፍ እንዲህ ናት፤ ጀርባዬን ካላየች አትጎርስም። ወንዙ ውስጥ መልሼ ከትቻት የለ? ታኩርፍ፣ እውነቷን ነው።»

እዚያው በሩ ላይ ጀርባዋን እንደሰጠች ቆመች፤ የመልቀሙ ድምፅ እስኪያበቃ።