የስምንት ቅርጫት እሸት ቡና ሒሳብ

ሒሳብ አስተማሪ የሆንኩት ሒሳብ ስለምችል አይደለም። ሊሙ ገነት ተመድቤ ስደርስ አማርኛው ተይዟል፣ ሳይንሱ ተይዟል። የቀሩት አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበርና የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ነበሩ፤ ሁለቱንም ሰጡኝ። የጅማ፣ የሄርማታ ገበያ ነጋዴ ልጅ ስለሆንኩ ሰው ቁጥር በደሜ ያለ ይመስለዋል። በደሜ ያለው ወባ ነው።

እኔ ማባዣ የተማርኩት በአለንጋ ነው። ስሳሳት እገረፋለሁ፣ ስለተገረፍኩ የባሰ እሳሳታለሁ። ሰባት ጊዜ ስምንት ሲባል አሁንም ጀርባዬን ያሳክከኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ክፍል ስገባ ለራሴ ማልኩ፦ እዚህ ክፍል ውስጥ በሒሳብ ምክንያት የሚያለቅስ ልጅ አይኖርም፤ የግድ ከሆነ እኔ አለቅሳለሁ።

ጊዜው የደርግ ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ መፈክር እናሰማለን፣ ከዚያ ክፍል ገብተን ማባዣውንም እንደ መፈክር እንጮሃለን። ግራ እጅ ማውጣት ብቻ ነበር የቀረን። ጩኸቱን ተውኩትና ልጆቹን እሸት ቡና አምጡ አልኳቸው። የለቀማ ሰሞን ስለነበር በየኪሳቸው ይዘው መጡ። አንዱ ጭብጥ ሙሉ ይይዛል፣ ሌላው ስንት እንደሆነ ይገምታል፣ ከዚያ ዘርግፈን እንቆጥራለን። የቀረበ ጭብጡን ይወስዳል። ችግሩ ቀይ ቡና ይጣፍጣል። ሰባትና አምስት ደምረን አሥር ሲሆንብኝ፣ መጀመሪያ በራሴ ችሎታ ነው የፈረድኩት። ኋላ የልጆቹን ጉንጭ ሳየው አብጧል። መቀነስን ያስጀመርኩት በዚያው ነው፦ «ሁለቱን ማን በላቸው?»

ከፊት ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ሁለተኛ ክፍልን ስትማር ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ለክፍሉ ከእኔ ይልቅ ነባሯ እሷ ነች። ደንቡ ግልጽ ነበር፤ ዘንድሮም ከወደቀች ከትምህርት ቤት ትሰናበታለች። አባቷ በር ላይ ጠብቆ፣ «መምህር፣ ይሄ የመጨረሻዋ ነው። ወላሂ፣ ከወደቀች ቤት ትውላለች» ብሎኛል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ታክቶት ነው።

ጥያቄ ስጠይቃት ዝም ትላለች። አንድ ቀን ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቼ ጠጋ አልኩ። «ቶኮ፣ ላማ፣ ሰዲ፣ አፉር...» እያለች በኦሮምኛ እየቆጠረች ነው። ያኔ ክፍል ውስጥ በኦሮምኛ መቁጠር አይወደድም ነበር። ያለፉት አስተማሪዎቿም «በአማርኛ!» እያሉ እየጮሁ ነው ሁለት ዓመት የጣሏት።

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊው» አልኳት።

አፈጠጠችብኝ። «በሱ?»

«በሱ። መልሱን ብቻ በአማርኛ ንገሪኝ።»

ከዚያ ቀን በኋላ የጭብጡን ቡና ሁሉ እሷ ወሰደችው። ሳትቆጥር፣ ጭብጡን አየት አድርጋ፣ «አሥራ ዘጠኝ» ትላለች። ዘርግፈን ስንቆጥር አሥራ ዘጠኝ። እጇ መራመድ ከጀመረችበት ጊዜ አንስቶ ቡና ውስጥ ነበር፤ ማንም ስላልጠየቃት እንጂ ሒሳቡን ከእኔ ቀድማ ታውቀዋለች። እኔም ብሆን እስክጠይቃት ወራት ፈጅቶብኛል።

ሰኔ ላይ ከላይ አንድ ተቆጣጣሪ መጣ። ካኪ ኮትና ሱሪ ለብሶ፣ የመማሪያ መጽሐፉን ብብቱ ሥር ሸጉጧል። ሥራው ደጋሚዎችን ሰሌዳ ላይ እያወጣ በቃል መፈተን ነው። ያቺን ልጅ ጠራትና ከመጽሐፉ አነበበላት።

«አንድ ገበሬ ስምንት ቅርጫት እሸት ቡና ለቀመ። አሰጣው። በደረቀ ጊዜ ሁለት ቅርጫት ለማኅበሩ አስረከበ። ስንት ቅርጫት ቀረው?»

ጠመኔውን አልነካችውም። «ሁለት» አለች።

እኔ ስድስት ብዬ ነበር፣ ያውም ከጀርባዬ በጣቴ ቆጥሬ።

«ስምንት ሲቀነስ ሁለት ስንት ነው?» አላት።

«ስድስት።»

«ታዲያስ?»

«ጋሼ፣ እሸት ሲደርቅ ይሟሽሻል እኮ። ስምንቱ አራት ይሆናል። ከአራቱ ሁለቱን ሰጠ። ሁለት ቀረው።»

ከኋላ አንዱ «ወላካ!» አለ፤ ግማሽ ማለቱ ነው። ሌላው ተቀበለው፣ ወዲያው ክፍሉ በሙሉ «ወላካ! ወላካ!» እያለ ጠረጴዛ መታ። እንደዚያ ከልብ የወጣ መፈክር በዚያ ግቢ ሰምቼ አላውቅም።

«ጸጥታ! መጽሐፉ ስድስት ነው የሚለው።»

«መጽሐፉ ቡና አስጥቶ ያውቃል?» አለችው። ለመሳደብ አይደለም፤ የምር ማወቅ ፈልጋ ነው። «ካላመኑ ኅዳር ላይ ይምጡና አብረን እንሰፍራለን።»

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ መምህር፣ ይሄን ማነው ያስተማራት?»

«እኔ አይደለሁም። እኔማ ስድስት ብዬ ነበር።»

ልጆቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ወደሷ ጎንበስ ብሎ ድምፁን አለሰለሰ፤ «ስድስት በይና አልፈሽ ተቀመጪ። አለዚያ ወድቀሻል።»

ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሽም፤ በዓይኔ «በይውና ገላግይን» ሳልላት አልቀረሁም። ሦስት ዓመት የፈለገችው ሦስተኛ ክፍል ከአንዲት ቃል ማዶ ቆሟል። እሷ ግን አንገቷን ነቀነቀች።

«ስድስት ካልኩ የጎደለውን አራት ከየት አመጣዋለሁ?»

«ወድቃለች ብለህ መዝግብ» አለኝና ወጣ።

ያን ጊዜ አፈርኩ። አሥር ዓመት የሞላት ልጅ የሌለ ቡና አልቆጥርም ስትል፣ እኔ ጺም ያለኝ ሰውዬ ልቆጥር ነው? ስታፍ ገብቼ የውጤት ሮስተሩን ዘረጋሁና በስሟ ትይዩ በቀለም «አልፋለች» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉ የዶሮ ጭረት ይመስላል፤ ግን ይነበባል።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። በፍርሃት ከእኔ የማያንስ ደግ ሰው ነው።

«አብደሃል? በል ይሄን አስተካክል።»

«ትክክል ነው። ደግሞም በቀለም ነው የጻፍኩት። ስርዝ ድልዝ ካለ የርስዎ ፊርማ ይፈልጋል፣ ደንብ ነው። እርስዎ ይሰርዙትና ምክንያቱን ይጻፉበት፦ ስምንት ቅርጫት እሸት ሲደርቅ ስምንት ቅርጫት ደረቅ ጀንፈል ይወጣዋል ይበሉ። ከዚያ ይፈርሙ።»

«ታፌዝብኛለህ?»

«ሁሌም አፌዛለሁ። አሁን ግን የምሬን ነው።»

ብዕሩን አነሳ። ይህ ሰው ያደገው ቡና ውስጥ ነው፤ አባቱ እዚያው አጠገባችን ቡና አለው። ብዕሩ ወረቀቱን ሊነካ ሲል ቆመ።

«አባቴ በሕይወት አለ እኮ» አለ በመጨረሻ።

«ይኑሩልዎ።»

«እንዲህ ብዬ መፈረሜን ቢሰማ አገር ለአገር ነው የሚስቅብኝ።» ብዕሩን ከደነው፣ ሮስተሩን ወደ እኔ ገፋው። «ውጣልኝ! አላየሁትም። አንተን ግን አልከላከልልህም፤ እወቀው።»

አልተከላከለልኝም። ክረምቱ ሳያልቅ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ወደ ሌላ ከተማ፣ ያውም ስፖርት አስተማሪ ሆኜ። ይህን ቦርጬን ያየ ሰው ቅጣቱ የእኔ ነው የልጆቹ ብሎ መጠየቅ ይችላል።

መስከረም ላይ ፍራሼን ጭነት መኪና ላይ ሰቅዬ በትምህርት ቤቱ አጥር ሳልፍ የጠዋት ሰልፍ ነበር። በሦስተኛ ክፍሎች ሰልፍ ላይ፣ ከፊት ሁለተኛ፣ ያቺን ልጅ ቆማ አየኋት። አላየችኝም፤ የፊቷን ልጅ ሻሽ ከኋላ እየሳበች እያስለቀሰቻት ነበር። ከመኪናው ላይ ሆኜ ልቆጣት ቃጣኝና ተውኩት። ሦስተኛ ክፍል ነች፤ የሚቆጣት የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነው።